አዲስ ብረት በአሮጌ መልክ
ስለ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ቅጂዎችና ስለ ሰው ሠራሽ እርጅናቸው

በየጦር ሰፈሩ የመሣሪያ ፍተሻ በሚደረግበት ዕለት ወታደሩ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰጋው ዝገትን ነው። አፈሙዙ ተወልውሎ፣ ቃታው ዘይት ቀምሶ፣ ብረቱ ከነቀለሙ ተጠብቆ ካልተገኘ የሚወቀሰው መሣሪያው ሳይሆን ባለቤቱ ነው። በእኛ ዘንድ ሳያረጅ ያረጀ መስሎ የሚታይ መሣሪያ የስንፍና ምስክር ሆኖ ይቆጠራል። እንግዲህ በዚህ ሥርዓት ላደገ ሰው፣ ከፋብሪካ ትናንት የወጣ ሽጉጥ ገዝቶ ቀለሙን በአቼቶ የሚያስለቅቅ፣ ጠርዙን የሚፈትግ፣ እጀታውን የሚያጎሳቁል፣ ይህንንም በማድረጉ የሚኮራ ሰው በዓለም ላይ አለ ቢባል ነገሩ ቀልድ ሊመስለው ይችላል። ይሁን እንጂ ቀልድ አይደለም። በአሜሪካና በአውሮፓ ይህን ሥራ የትርፍ ጊዜ ሙያቸው ያደረጉ ሰዎች ጥቂት አይደሉም፤ አንዳንድ ነጋዴዎችም መሣሪያውን አስቀድመው አስረጅተው ለገበያ ያቀርቡላቸዋል።

በዛሬው ጽሑፋችን የጥንቱን የአሜሪካ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ አስመስለው ስለሚሠሩ ቅጂዎች፣ ስለሚሰበስቧቸው ሰዎችና ስለ ሰው ሠራሽ እርጅናቸው ለአንባቢያችን ጥቂት እንገልጻለን። ነገሩ ሲያዩት ጨዋታ ይመስላል። በውስጡ ግን ለማንኛውም ባለ ንብረትና ለማንኛውም ቤተሰብ የሚሆን አንድ ጥያቄ ይዟል። አንድ ዕቃ ያልኖረውን ዕድሜ ለብሶ ሲቀርብ ጌጥ የሚሆነው እስከ የት ድረስ ነው? ማታለልስ የሚሆነው ከየት ጀምሮ ነው? በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ በሌላ መልክ ካልተገለጸ በስተቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናሳስባለን።

የስድስት ጎራሹ አመጣጥ

ኮልት የሚለው ስም ለአገራችን ጆሮ እንግዳ አይደለም። ብዙ ሰው ስሙን የሚያውቀው የሽጉጥ ዓይነት አድርጎ ነው እንጂ የሰው ስም መሆኑን ልብ የሚለው ጥቂቱ ነው። ሳሙኤል ኮልት በ1814 በአሜሪካ በኮነቲከት ግዛት በሃርትፎርድ ከተማ ተወለደ። በ1836 ጥይቱ የሚጎርስበት ክፍል እየተሽከረከረ ተራ በተራ ከአፈሙዙ ጋር የሚገጥምበትን አሠራር በአሜሪካ በስሙ አስመዘገበ። በ1847፣ በ1851 እና በ1860 ከኮልት ፋብሪካ የወጡት ታዋቂ ሽጉጦች ዛሬ እንደምናውቀው በቀልሃ የሚሠሩ አልነበሩም። ባሩዱና እርሳሱ ከተሽከርካሪው ፊት ለፊት እየተጠቀጠቀ፣ ከኋላ ደግሞ ትንሽ የመዳብ ካፕሱል እየተገጠመለት የሚተኮስ ነበር።

ኮልት በ1862 ከሞተ በኋላ ፋብሪካው ቀጥሎ በ1873 በብረት ቀልሃ የተዘጋጀ ጥይት የሚጎርሰውን አዲስ ሽጉጥ አወጣ። የአሜሪካ ጦር በዚያው ዓመት ተቀበለው። የአፈሙዙ ውስጠኛ ስፋት በስያሜው 0.45 ኢንች ሲሆን፣ ለፈረሰኛው ጦር የተሰጠው ርዝመቱ 7 ኢንች ተኩል ወይም 19 ሳንቲ ሜትር ያህል ነበር። ከዚያ በኋላ 5 ኢንች ተኩልና ከ5 ኢንች ጥቂት ያነሱትም ተስፋፉ። ዓለም በፊልም የሚያውቀው፣ የከብት ጠባቂውና የሸሪፉ ወገብ ላይ የሚታየው ሽጉጥ ይኸው ነው።

አሠራሩ በወታደር ቋንቋ ሲገለጽ እንዲህ ነው። ቃታው አንድ ሥራ ብቻ ይሠራል፤ ይኸውም የተቀባበለውን መምቻ መልቀቅ ነው። መምቻውን በአውራ ጣት ወደ ኋላ ስቦ ማቀባበል የተኳሹ ድርሻ ነው፤ መምቻው በተሳበ ቁጥር ተሽከርካሪው አንድ ደረጃ ይዞርና አዲስ ጥይት ከአፈሙዙ ጋር ይገጥማል። ከዚህ በኋላ የመጡት ሽጉጦች ቃታቸው ሲሳብ ማቀባበሉንም መልቀቁንም በአንድነት ስለሚፈጽሙ፣ የአሜሪካ ጦር በ1892 ወደ እነርሱ ተሸጋገረ። የኮልት ፋብሪካም የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ የ1873ቱን ሽጉጥ መሥራቱን አቆመ፤ እንደገና መሥራት የጀመረው በ1956 ነው።

የቅጂዎቹ መንደር

በ1950ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ሁለት ነገሮች ተገጣጠሙ። በአንድ በኩል ከ1861 እስከ 1865 የተደረገው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት መቶኛ ዓመት እየተቃረበ በመምጣቱ፣ የዚያን ዘመን ልብስ ለብሰውና መሣሪያ ታጥቀው ውጊያውን በትርኢት የሚያሳዩ ማኅበሮች በዙ። በሌላ በኩል ደግሞ እውነተኞቹ ሽጉጦች እየጠፉና ዋጋቸው እየናረ ሄደ። ቫል ፎርጌት የተባለ አሜሪካዊ የመሣሪያ ነጋዴ የ1851ዱን ሽጉጥ አስመስሎ የሚሠራለት ባለሙያ ፍለጋ ወደ ኢጣሊያ አቀና። ያገኘውም በሰሜን ኢጣሊያ፣ በብሬሻ አውራጃ፣ ጋርዶኔ ቫል ትሮምፒያ በምትባል የሸለቆ ከተማ ነበር።

ይህች ከተማ ለብረት ሥራ አዲስ አይደለችም። የቤሬታ ቤተሰብ የጠመንጃ አፈሙዝ ሠርቶ መሸጡን የሚያስረዳው ሰነድ የተጻፈው በ1526 ነው። ብሬሻም ለእኛ ታሪክ ፈጽማ ሩቅ አይደለችም፤ በ1888 ዓ.ም. ኢጣሊያ ዓድዋ ላይ ያሰለፈችው የቬተርሊ ጠመንጃ ይሠራባቸው ከነበሩት የመንግሥት ፋብሪካዎች አንዱ የሚገኘው በዚያች ከተማ ነበር። በዚህ ሸለቆ አልዶ ኡቤርቲ የተባለው ባለሙያ በ1959 በስሙ የሚጠራውን ፋብሪካ አቋቋመ። በዚያው አውራጃ ፒየታ የተባለውም ፋብሪካ ተከተለው። ከ1964 ጀምሮ ኢጣሊያዊው ሰርጂዮ ሊዮኔ በክሊንት ኢስትውድ መሪ ተዋናይነት ያወጣቸው ሦስት ፊልሞች ደግሞ የስድስት ጎራሹን ዝና በዓለም ዙሪያ አዳረሱት። በ1987 በአሜሪካ ነጠላ አሠራር ባላቸው መሣሪያዎች ብቻ የሚወዳደሩ ተኳሾች ማኅበር ሲመሠረት፣ ለውድድሩ የሚሆነው ርካሽና ጠንካራ መሣሪያ በብዛት የመጣው ከእነዚሁ የኢጣሊያ ፋብሪካዎች ነበር።

ቅጂ ሲባል ታዲያ መጫወቻ ማለት እንዳልሆነ አንባቢያችን እንዲረዳልን እንሻለን። እነዚህ ሽጉጦች በእውነተኛ ብረት የተሠሩ፣ እውነተኛ ጥይት የሚተኩሱ ናቸው። በኢጣሊያ ሕግ መሠረትም እያንዳንዱ መሣሪያ በመንግሥት በታወቀው የመፈተሻ ቤት ከተለመደው በላይ ኃይል ባለው ጥይት ተተኩሶ ካልተፈተነ በስተቀር ለገበያ አይወጣም። ፈተናውን ያለፈው መሣሪያ ምልክት ይመታበታል፤ የተፈተነበትም ዓመት በምስጢራዊ ፊደል ይቀረጽበታል። ለምሳሌ በትንሽ ሳጥን ውስጥ «ኤ» እና «ኤ» የሚሉት ሁለት የላቲን ፊደላት ከተገኙ 1975ን፣ «ኤ» እና «ቢ» ከተገኙ 1976ን ያመለክታሉ። ይህችን ትንሽ ሳጥን አንባቢያችን እንዲያስታውሳት እንለምናለን፤ ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

ያረጀው ለምን ተወደደ?

አዲሱ ቅጂ ከካርቶኑ ሲወጣ ያብለጨልጫል። ብረቱ ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ እንጨቱ በቨርኒሽ ተለብጦ እንደ መስተዋት ይታያል። የመቶ ዓመት ልብስ ለብሶ ይህን የታጠቀ ሰው፣ ባረጀ ካባ ላይ አዲስ የእጅ ሰዓት ያሰረ ያህል ጎልቶ ይታያል። ስለዚህ ሰብሳቢው መልኩን ከዘመኑ ጋር ሊያስማማው ይፈልጋል። ሌላው ምክንያት ደግሞ የኪስ ነገር ነው፤ እውነተኛውን የ1870ዎቹ ሽጉጥ ለመግዛት አቅም የሌለው ሰው ቢያንስ መልኩን በእጁ ሊይዝ ይሻል። በቴክሳስ ግዛት በፍሬደሪክስበርግ የሚገኘው ሲማሮን የተባለው ነጋዴ ከኢጣሊያ የሚያስመጣቸውን ሽጉጦች ቀለማቸው እንደ ለቀቀ አድርጎ ጭምር የሚሸጠው ይህን ፍላጎት በማወቁ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ምክንያት ግን ያረጀ ብረት የሚናገር መሆኑ ነው። የገበሬ ዶማ እጀታው የሚያበራው እጅ በሚያርፍበት ቦታ ብቻ ነው፤ የቤት ደፍም የሚጎደጉደው እግር በሚረግጠው በመካከሉ ነው። ሽጉጥም እንዲሁ ነው። ለዓመታት ከአፎት ሲወጣና ሲገባ የኖረ ሽጉጥ ቀለሙ አስቀድሞ የሚለቀው በአፈሙዙ ጫፍ ጎንና ጎን፣ በተሽከርካሪውም ከፍ ባሉት ጠርዞች ላይ ነው። መዳፍ የሚጨብጠው የእጀታው ጀርባ ላብ ስለሚነካው ወደ ግራጫ ይለወጣል። በአንጻሩ በተሽከርካሪው ጎድጓዳ መስመሮች ውስጥና የቀልሃ ማውጫው ዘንግ በሚከልለው የአፈሙዝ ጎን የጥንቱ ሰማያዊ ቀለም ሳይነካ ይቆያል። አላዋቂ ያስረጀው ሽጉጥ የሚታወቀው በዚህ ነው፤ እጅ በማይደርስበት ሥርቻ ሳይቀር እኩል ያረጀ ይሆናል።

እርጅናው እንዴት ይሠራል?

የጠመንጃ ብረት ሰማያዊ ወይም ጥቁር መልክ ቀለም ተቀብቶ የሚገኝ አይደለም፤ ራሱ ዝገት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቀዩ ዝገት ብረቱን እየበላ ሲሄድ፣ ጥቁሩ ዝገት ግን በብረቱ ላይ ተጣብቆ ዘይት ይዞ ይጠብቀዋል። የጥንት ባለሙያዎች ብረቱን ሆን ብለው በስሱ ካዛጉት በኋላ በፈላ ውኃ ቀቅለው ቀዩን ወደ ጥቁር ይለውጡት፣ ትርፉን በሽቦ ብሩሽ እየጠረጉ ሥራውን ደጋግመው ያከናውኑት ነበር። ዛሬ ሽጉጥ የሚያስረጁ ሰዎችም የሚጠቀሙት ይህንኑ እውቀት ነው።

ሥራው የሚጀምረው ሽጉጡን በሚገባ ከመፍታት ነው። ለእያንዳንዱ ብሎን ልኩ የሆነ ካቻቢቴ ያስፈልጋል፤ ጥርሱ የተበላ ብሎን ሥራው የጀማሪ መሆኑን ከሩቅ ይመሰክራልና። ከዚያም ቅባቱ ሙልጭ ተደርጎ ይታጠባል። የፋብሪካው ቀለም በአቼቶ ቀስ በቀስ ይለቃል፤ ባለሙያው ብረቱን ከአቼቶው ሲያወጣ ወዲያው በውኃ በሟሟ ቤኪንግ ሶዳ ያጥበዋል፣ አለበለዚያ አሲዱ መብላቱን አያቆምም። ቀጥሎ በስሱ እንዲዝግ ይተወዋል፤ ይቀቅለዋል፤ ይጠርገዋል፤ በመጨረሻም ዘይት ያጠጣዋል። የእጀታው እንጨት ቨርኒሹ ተፍቆ፣ ጠርዞቹ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ለዝበው፣ የተልባ ዘይት ደጋግሞ እንዲጠጣ ይደረጋል።

በዚህ ሥራ ውስጥ ሦስት ብርቱ አደጋዎች አሉ፤ ከሽጉጥ ጋር ጉዳይ የሌለው አንባቢም ቢያውቃቸው ይጠቅሙታል። አንደኛው፣ በረኪና ብረትን ፈጥኖ ስለሚያዝግ አንዳንዱ ሰው ከአቼቶ ጋር ሊቀላቅለው ይፈተናል፤ ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው ክሎሪን የተባለው ጋዝ ሳንባን የሚያቃጥል፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት እንደ መሣሪያ ያገለገለ መርዝ ነው። በልብስ ማጠቢያም ሆነ በመጸዳጃ ቤት ሁለቱ ፈጽሞ መገናኘት የለባቸውም። ሁለተኛው፣ ብረትን ሳያፈሉ የሚያጠቁሩት ፈሳሾች ብዙውን ጊዜ ሴሌኒየም የተባለ መርዛማ ንጥረ ነገር ስላለባቸው ያለ ጓንት አይነኩም፤ ምግብ በሚበሰልበት ዕቃም አይቀመጡም። ሦስተኛው፣ የጥንቱን ኅብረ ቀለም ለማምጣት ብሎ የሽጉጡን አካል በእሳት የሚያግል ሰው አለ። ብረቱ በፋብሪካ ያገኘው ጥንካሬ በዚህ ስለሚጠፋ፣ መልኩ ያማረለት ሽጉጥ በሚቀጥለው ተኩስ ሊፈነዳበት ይችላል። አሲድም ቢሆን ወደ አፈሙዙ ውስጥ፣ ጥይት ወደሚጎርስባቸው ቀዳዳዎችና ወደ ሞላዎቹ መድረስ የለበትም። የሽጉጥ ውጫዊ መልክ ሊያረጅ ይችላል፤ ውስጡ ግን ምንጊዜም አዲስ ሆኖ መቆየት አለበት።

ለእጅ የሚስማማ ማድረግ

ሰብሳቢዎቹ በመልኩ ብቻ አይወሰኑም፤ አሠራሩንም ለእጃቸው እንዲስማማ ያሻሽላሉ። ከፋብሪካ የሚመጣው ሞላ ብዙውን ጊዜ ጠንካራ ስለሆነ በለስላሳ ይተካል። እርስ በርስ የሚፋተጉት ብረቶች በደቃቅ ድንጋይ ይለሰልሳሉ። ዒላማ መመልከቻው በሞረድ ይስተካከላል፤ ሽጉጡ ከዒላማው በታች የሚመታ ከሆነ የፊተኛው መመልከቻ ከላዩ ጥቂት ይሞረዳል፣ ያን ጊዜ ተኳሹ አፈሙዙን ከፍ ለማድረግ ስለሚገደድ ጥይቱም ከፍ ብሎ ያርፋል። የሞረዱት ብረት ተመልሶ አይበቅልምና በየመሐሉ እየተኮሱ መመልከት ግድ ነው። መምቻውን ይዞ የሚያቆየውን የቃታ ጥርስ ግን ጀማሪ እንዲነካው አይመከርም። ከመጠን በላይ የላላ ቃታ ሳይታሰብ የሚተኩስ ቃታ ነው።

እጀታን በተመለከተ አንድ ታሪክ አለ። ስመ ጥሩው የአሜሪካ ጄኔራል ጆርጅ ፓተን በ1916 የገዛው የኮልት ሽጉጥ በብር የተለበጠ ሲሆን፣ እጀታው የዝሆን ጥርስ ነበር። ሕዝቡ ግን ዕንቁ ነው እያለ አወራው፤ ወሬውም እስከ ዛሬ አልጠፋም። እንግዲህ የፓተንን ሽጉጥ እሠራለሁ ብሎ ቅጂውን በዕንቁ መሰል እጀታ የሚያስጌጥ ሰው የቀዳው ጄኔራሉን ሳይሆን ወሬውን ነው። የ1851ዱን የኮልት ሽጉጥ አካሉን በነሐስ ሠርተው የሚሸጡ ፋብሪካዎችም አሉ። የኮልት ፋብሪካ ግን የዚያን ሽጉጥ አካል የሚሠራው በብረት ነበር፤ በነሐስ የሠሩት በጆርጂያ ግዛት የነበሩት ግሪስዎልድና ጋኒሰንን የመሰሉ፣ ብረት የቸገራቸው የደቡቦቹ ባለ ፋብሪካዎች ናቸው። ነሐስ ለዓይን ቢያምርም ለስላሳ በመሆኑ ብዙ ባሩድ ሲበዛበት እየተለጠጠ ይበላሻል።

ድንበሩ የት ነው?

እስከዚህ ድረስ የተነጋገርነው ስለ እጅ ሙያ ነው። ከዚህ በኋላ ግን ጉዳዩ የህሊና ይሆናል። ሽጉጡን ያስረጀው ሰው ሥራውን ጨርሶ ሲመለከተው አንድ ነገር ይከነክነዋል። መልኩ የ1876 ሆኖ ሳለ፣ በአፈሙዙ ላይ የኢጣሊያ ፋብሪካ ስም፣ በአካሉም ላይ ያች የፈተና ዓመቷን የያዘች ትንሽ ሳጥን ትታያለች። በመሆኑም ብዙዎች ሞረድ አንሥተው እነዚህን ጽሑፎች ያጠፋሉ፤ አንዳንዶችም በምትኩ የጥንቱን የኮልት አድራሻ ይቀርጻሉ። ሥራው ለትርኢት ተብሎ ቢጀመርም የተገኘው ዕቃ ግን ስለ ራሱ የሚመሰክርለት ሁሉ የተነጠቀ ይሆናል።

ይህ ባዶ ስጋት አይደለም። የአሜሪካ ጦር የተረከባቸው የ1873 ሽጉጦች «ዩ.ኤስ.» የሚል ምልክትና የመረመራቸው ሹም ስም መነሻ ፊደላት ነበሩባቸው። ከመርማሪዎቹ አንዱ ኦርቪል ኤንስወርዝ ይባል ነበር። ሰባተኛው የፈረሰኛ ሬጅመንት በ1876 በሊትል ቢግ ሆርን በሌተናል ኮሎኔል ከስተር መሪነት ድል የተመታበት ጊዜ ከዚህ ሹም ምርመራ ዘመን ጋር ስለሚቀራረብ፣ የእርሱ ምልክት ያለበት ሽጉጥ እጅግ ውድ ነው። ውድ በመሆኑም አታላዮች ምልክቱን በሌሎች ሽጉጦች ላይ ሲመቱት ኖረዋል። ጥንቃቄ የሚያደርግ ገዢ ለኮልት ፋብሪካ መዝገብ ቤት ጽፎ፣ የመለያ ቁጥሩ ያለበት ሽጉጥ መቼና ለማን እንደተላከ ከመዝገቡ ያስመረምራል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንዲሉ፣ ብረቱ ቢዋሽም መዝገቡ ያጋልጠዋል። ያልጠረጠረ ግን ይመነጠራል።

ሕጉም ቢሆን በዚህ ረገድ ዝም አላለም። በአሜሪካ የመሣሪያን የመለያ ቁጥር ማጥፋት ወይም መለወጥ በፌዴራል ሕግ የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። ከውጭ የሚገባ መሣሪያም ያስመጪውን ስምና የተሠራበትን አገር ይዞ እንዲገባ ይገደዳል። እኛ ግን ከሕጉ በፊት የሚመጣ አንድ ቀላል መመዘኛ አለ እንላለን። ዕቃው ለሚያውቅ ሰው እውነቱን የሚናገርበት አንድ ስፍራ ከቀረለት፣ እርጅናው ጌጥ ነው። ያ ስፍራ ሆን ተብሎ ከጠፋ፣ እርጅናው ውሸት ሆኗል። ስለዚህ ታማኝ ባለሙያ የመለያ ቁጥሩንና የፈተናውን ምልክት ከቶ አይነካም፤ የራሱንም ስምና ሥራውን የሠራበትን ዓመት እጀታው ሲፈታ በሚታይ የውስጥ ብረት ላይ ይቀርጻል። ሽጉጡ ታጥቀውት ሲታይ የመቶ ዓመት ሽማግሌ ይመስላል፤ ሲፈታ ግን የልደት ዘመኑን አይክድም።

ለቤተሰብ

ያረጀ መልክ ያለው ሽጉጥ በቤት ውስጥ ከአዲሱ ይልቅ አደገኛ ሊሆን ይችላል። ምክንያቱም ማንም አይፈራውም። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጌጥ፣ የማይሠራ የአያት ዕቃ፣ ከፊልም የወጣ መጫወቻ ይመስላል። እንግዳ ያነሣዋል፤ ሕፃን ይመኘዋል። ባዶ ጠመንጃ ሁለት ሰው ያስፈራል ይባላል፤ በዚህኛው ግን የሚያስፈራው የጎረሰውን ማንም አለመፍራቱ ነው።

በአሠራሩም በኩል ሊታወቅ የሚገባው ነገር አለ። በጥንቱ ስድስት ጎራሽና በትክክል በተቀዱት ቅጂዎች ላይ የመምቻው ሹል ጫፍ ከተጎረሰው ጥይት ካፕሱል ላይ በቀጥታ ያርፋል። ሽጉጡ ወድቆ መምቻው ድንጋይ ቢመታ ቃታ ሳይነካ ይተኩሳል። ስለዚህ ስድስት ጎራሽ ቢባልም የሚያውቁት ሰዎች የሚያጎርሱት አምስት ብቻ ነው። አንድ ያጎርሳሉ፣ አንድ ቀዳዳ ይዘላሉ፣ አራት ይጨምራሉ፤ ከዚያም መምቻውን ሙሉ በሙሉ አቀባብለው በጥንቃቄ ሲመልሱት ባዶው ቀዳዳ ላይ ያርፋል። ከላይ የጠቀስነው የተወዳዳሪዎች ማኅበርም ይህንኑ በደንቡ ያስገድዳል። ሩገር የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ በ1973 ቃታ ካልተሳበ መምቻው ጥይቱን እንዳያገኘው የሚያደርግ ብረት በሽጉጦቹ ውስጥ ማስገባት ጀመረ። ከኢጣሊያ ቅጂዎችም የአንዳንዶቹ የመምቻ ጫፍ ቃታ ካልተሳበ ወደ ውስጥ የሚመለስ ሆኖ ተሠርቷል። ይሁንና ሁሉም በመልክ ስለሚመሳሰሉ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ በእርግጥ ያላወቀ ሰው አምስቱን ቢያጎርስ አይጸጸትም። በባሩድና በካፕሱል የሚሠሩት የ1851 እና የ1860 ቅጂዎች ደግሞ ጢስ ካለው ጥቁር ባሩድ ወይም በእርሱ ምትክ ከተዘጋጀው በቀር በዘመናዊው ጢስ አልባ ባሩድ ከተሞሉ ይፈነዳሉ።

በቤት ውስጥ ታዲያ ማንኛውም መሣሪያ፣ አሮጌም ይምሰል አዲስ፣ ባዶውን ተቆልፎ፣ ጥይቱም ለብቻው ተቆልፎ መቀመጥ አለበት። ለልጆችም ይህ መጫወቻ ነው ወይም አይሠራም ተብሎ ሊነገራቸው አይገባም። ይልቁንም ቢያዩት እንዳይነኩት፣ ለትልቅ ሰው ሮጠው እንዲናገሩ ደጋግሞ ማስተማር ይበጃል።

በአገራችንም ቢሆን ከአያት ከቅድመ አያት የወረዱ ውጅግራና ምንሽር በክብር የሚጠበቁባቸው ቤተሰቦች አሉ። ለእነርሱ ምክራችን የቅጂ ሰብሳቢዎቹ ተቃራኒ ነው። እውነተኛውን እርጅና በብርጭቆ ወረቀት ፍቃችሁ አታጥፉት። በሰደፉ ላይ የተቀረጸው መስቀልና ስም፣ እጅ ያለዘበው እንጨት፣ ብረቱ ላይ የቀረው የፋብሪካ ጽሑፍና ዓመት የቤተሰቡ መዝገብ ናቸው። ስስ ዘይት በንጹሕ ጨርቅ መቀባት በቂያቸው ነው። በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ የተከለከለ በመሆኑም፣ የአያት ዕቃ ነው የሚለው ቃል ፈቃድን እንደማይተካ መዘንጋት አይገባም።

ቅጂም ይሁን እውነተኛ፣ መሣሪያ ከባለቤቱ በላይ ዕድሜ አለው። ያስረጀው ሰው በሕይወት ሳለ ሽጉጡ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ወዳጆቹም ያውቃሉ። እርሱ ካለፈ በኋላ ግን ሳጥኑን የምትከፍተው ሚስቱ ወይም ልጁ ናት። ትልቅ ሀብት ያገኘች መስሏት ሳታውቅ ሌላውን ልታታልል፣ ወይም እውነተኛውን ውድ ዕቃ እንደ ቅጂ ቆጥራ ለብልጥ ነጋዴ በርካሽ ልትሰጥ ትችላለች። ስለዚህ መሣሪያ የሚሰበስብ ሁሉ ከእያንዳንዱ ጋር አንዲት ወረቀት ያኑር። የት እንደተሠራ፣ መቼ እንደተገዛ፣ ምን እንደተለወጠበት፣ ማን እንዳስረጀው፣ ፈቃዱም የት እንዳለ በግልጽ ይጻፍበት። ብረቱን ለማስረጀት ሳምንታት የሚያጠፋ ሰው ለዚህች ወረቀት የሚሆን ግማሽ ሰዓት አያጣም።